ወልድያ የሚሄደው ኪዩብ

«ይሄ የሀስና ነው። ከታጠበው አሸዋ ውሰድ፤ ሲሚንቶውንም እጥፍ አድርገው። ወልድያ የሚሄድ ነገር ነው ወርቁ፣ አታዋርደን።»

ሀስና ይህን የሰማችው ከብሎኬት ክምሩ ወዲያ ማዶ ቆማ የጫማዋን ጭቃ በእንጨት ስትፍቅ ነው። ድምፁ የአጎቷ የጋሽ ጀብሪል ነው፤ አባቷ ከሞተ ጀምሮ ሃያ ዓመት የሰማችው፣ ስታለቅስ ያባበላት፣ ፈተና ስታልፍ ዱዓ ያደረገላት ድምፅ። ወርቁ የሚባለው ግንበኛ «ስንት አካፋ ልጨምር?» ሲል፣ እሳቸው «እስኪጠግብ ነዋ» ሲሉ ሰማች። ሁለቱም ሳቁ። እሷም ስሟን ስለሰማች ብቻ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ከክምሩ ጀርባ ሆና ፈገግ ብላ ነበር። የገባት ፈገግታው ፊቷ ላይ እንዳለ ነው። እንጨቱ ከእጇ ወደቀ፤ ጭቃውም እንደተለጠፈ ቀረ።

ኪዩብ ለማያውቀው ሰው አንድ አራት ማዕዘን ድንጋይ ነው፣ በር ቢያስደግፉበት ያገለግላል፣ ከዚያ ውጪ ፋይዳው አይታይም። ለሚያውቀው ግን ምስክር ነው። የፎቁ ወለል ሶሌታ ወይም ተሸካሚው ምሰሶ ኮለን ሲሞላ ከዚያው ከሚሞላው አርማታ ላይ ጥቂት ይቀነስና ስንዝር በማትሞላ የብረት ሳጥን ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ በማግስቱ ከሳጥኑ ይወጣል፣ ሃያ ስምንት ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል፣ ከዚያ ማሽን ስር ገብቶ እስኪሰበር ድረስ ይጫናል። የተሰበረበት ቁጥር የህንፃው ቁጥር ነው ይባላል፤ ህንፃውን ራሱን ሰብሮ ማየት አይቻልማ። ይህ ሁሉ ሥራ የቆመው በአንዲት እምነት ላይ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ የገባውና ኮለኑ ውስጥ የገባው አንድ ነው በምትል እምነት። ሀስና ወልድያ ባለ አንድ የአማካሪ ቢሮ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ያቺን እምነት መጠበቅ ነው ደሞዟ። የመርሳው ባለ አንድ ፎቅ የትምህርት ቤት ህንፃ ኪዩቦች ኮምቦልቻ ተልከው ሲሰበሩ ሃያ አምስት ይበቃ የነበረው ሰላሳ ስድስት፣ ሰላሳ ሰባት፣ ሰላሳ ስድስት ብለው መጥተዋል። አለቃዋ ወረቀቱን አይቶ «መርሳ ላይ ለብቻችሁ የሚመረት ሲሚንቶ አለ እንዴ?» ብሎ ሲቀልድ «ፎርማኑ አጎቴ ነው» ብላ በኩራት መልሳለች። አጎት ሠሪ፣ የወንድም ልጅ ተቆጣጣሪ ሲሆን ይህ እንዴት ይሆናል ያለ ሰው በቢሮው ውስጥ አልነበረም። እሷም አላለችም። እንዲያውም ደስ ብሏት ነበር።

ዛሬ መርሳ የመጣችው ለፊርማ ነው። ነሐሴ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት ውጊያው እንደገና ተጀምሮ የቆቦ፣ የሮቢትና የጎብዬ ሰው በእግሩም በጋሪውም ወደ ደቡብ እየወረደ ነው። የወልድያም ሰው የአምናውን አልረሳምና ፍራሹን ጠቅልሎ መናኸሪያ አድሯል። በሰላሙ ቀን በሃምሳ ብር የምትመጣበት ሚኒባስ ዛሬ መቶ ሰማንያ ገብቶ ነበር፣ ያውም በአንድ ወንበር ሦስት ሰው ሆኖ። ሁሉም ዕቃ ሲያቅፍ እሷ የያዘችው አንድ ቦርሳ ነበር፤ ውስጡ ፋይሉ፣ ማህተሙና የአርማታ መምቻው አለ። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ «አንቺ ዕቃሽን ቀድመሽ ላክሽ?» ብለው ጠይቀዋት፣ «አይ፣ ለሥራ ነው የምሄደው» ስትላቸው እንደ እብድ አይተዋታል። ወረዳው አዲሱን ህንፃ ለተፈናቃዮች ሊከፍት ነው፤ ለመክፈት ደግሞ «ለአገልግሎት ብቁ ነው» የሚል ወረቀት ያስፈልገዋል። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ያለ ወረቀት የከፈተ ኃላፊ ነገ ይጠየቃል ተብሎ ስለሚፈራ ነው። አንድ የእሷ ፊርማ፣ አንድ ማህተም፣ ከዚያ ሦስት መቶ ሰው ከዝናብ ይወጣል። ስትነሳ ያሰበችው ይሄንን ብቻ ነበር።

ክምሩን ዞራ ስትወጣ ጋሽ ጀብሪል እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ መጡ። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤ አጭር ናቸው፣ ትከሻቸው ግን የሁለት ሰው ነው። ሰላምታውን ከነ ዱዓው አወረዱላት፣ አገላብጠው ሳሟት፣ የመንገዱን ጠየቋት፣ የቢሮ ሰዎችን በየስማቸው ጠየቋት። ከኋላቸው ለተፈናቃዮቹ ተብሎ በጥድፊያ የሚሞላው የሽንት ቤት ክዳን ገና እርጥብ ነው። አጠገቡ ሦስቱ የብረት ሳጥኖች ተሞልተው፣ አናታቸው እንደ መስታወት ተስተካክሎ፣ በፀሐይ እንዳይደርቁ በእርጥብ ጆንያ ተሸፍነዋል።

«ጋሼ፣ ይሄ ከየትኛው ሙሌት ነው?» አለች ጆንያውን ገለጥ አድርጋ።

«ከዚሁ ነዋ።»

«ከዚሁ? ከክዳኑ ነው የተቀነሰው?»

«አይ፣ ያንቺንማ ለብቻው ነው ያደረግነው» አሉ። ያለ አንዳች እፍረት ነው ያሉት፤ ያስደነገጣትም ይኸው ነው። «ሁሌም ለብቻው ነው። ከመሬት የተንጠፈጠፈውን ልስጥሽ እንዴ? ወልድያ፣ ኮምቦልቻ ድረስ የሚሄድ፣ ስንት ኢንጂነር የሚያየው ነገር። ቤት እንግዳ ሲመጣ የልጅ ትራፊ ይቀርብለታል? ወላሂ፣ አንድም ቀን አላሳፈርንሽም።» ወርቁም ከወዲያ «እውነታቸውን ነው፣ የሀስና ሲባል እኛም እጃችንን ታጥበን ነው» አለ።

ሀስና ምን እንደመለሰች ኋላ ልታስታውሰው አልቻለችም። የምታስታውሰው ብሎኬት ላይ መቀመጧን ነው። ሌባ ቢያገኝ ሰው ይቆጣል፣ ይጮሃል፣ ይከሳል። እሷ ያገኘችው ክብር ነው። አጎቷ ከልባቸው፣ ከዓመት ዓመት፣ ለእንግዳ የሚገባውን ለኪዩቡ ሲሰጡ ኖረዋል፤ ኪዩቡ የእንግዳ ሳህን ሳይሆን ምስክር መሆኑን የነገራቸው የለም። ወይም ተነግሯቸው እንዲህ ያለ ምስክርነት ነውር መስሏቸዋል።

ከዚያ የግንቦቱ ቀን መጣባት። ሶሌታው በተሞላ ዕለት ግቢው ሰርግ ይመስል ነበር። ሁለት በግ ታርዷል፣ አንዱ በእስላም እጅ፣ አንዱ በክርስቲያን እጅ፤ ሽማግሌዎች ዱዓ አድርገዋል፣ ቄሱም መርቀዋል፣ ሚክሰሩ ከማለዳ ጀምሮ ሲያጓራ ውሏል። እሷ የብረት ሳጥኖቿን ደርድራ፣ መጠቅጠቂያ ዘንጓን ይዛ ቆማ ሳለ አጎቷ መጥተው ዘንጉን ከእጇ ወሰዱት። «አንቺ ከወልድያ ጾምሽን ነው የመጣሽው፤ ሂጂ፣ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጪና ብዪ። ይሄን እኛ እንሞላልሻለን። አብሽሪ።» ደከም ብሏት ነበር፣ የጥብሱም ሽታ መጥቶባት ነበር፤ እምቢ ማለትም አጎትን መናቅ ነው። ሄዳ በላች። ጥሩ ምሳ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ተጨምሮላታል። ስትመለስ ስድስቱም ሳጥኖች ሞልተው፣ ቀኑ በሚስማር ተጽፎባቸው፣ እርጥብ ጆንያ ለብሰው አገኘቻቸው። አመሰገነች። ማታ ወልድያ ገብታ «ናሙናው ከሙሌቱ ላይ በፈራሚው ፊት ተወስዷል» ከሚለው መስመር ስር ስሟን ጻፈች፣ ፈረመች። ከዚያ በፊት የኮለኖቹም ቀን እንዲሁ ነበር። የኮለኖቹ ቀን ምሳው ሽሮ ነበር፣ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ከብሎኬቱ ተነስታ ቦርሳዋን ከፈተች። መምቻው እንደ ወፍራም የእጅ ባትሪ ያለ ብረት ነው፤ ጫፉን አርማታ ላይ ሲጫኑት ቋ ብሎ ይመታና ወደኋላ ይነጥራል፣ የነጠረበትን ያህል ቁጥር ያሳያል። ጠንካራ ነገር አርቆ ይመልሰዋል፣ ደካማ ነገር ግን ይውጠዋል። እንደ ኪዩቡ ሙሉ ፍርድ አይሰጥም፣ ሐሰት ግን አይናገርም። ኪዩቡ በሰላሳ ስድስት የተሰበረ ህንፃ እዚህ አርባ ገደማ ሊያሳይ ይገባል። ወደ ምድር ቤቱ ገባች። ወረቀት ሳይጠብቁ ትናንት ከሰዓት የገቡ አስራ አንድ ቤተሰቦች ነበሩ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ከግቢው ብሎኬት እየለቀመ የራሱን ወሰን በመደዳ ደርድሯል፤ በሩ በብሎኬት ክፍተት ተለይቷል፣ ሰውም በዚያች ክፍተት እንጂ በብሎኬቱ ላይ ተሻግሮ አይገባም። አንድ ጥግ ላይ የሺ የምትባል የሮቢት ሴት በቅጠል ጠርጋ ስትጨርስ ሀስና ደረሰችባት።

ሀስና የመጀመሪያውን ኮለን በድንጋይ አሸት አድርጋ መታች። ሃያ ሁለት። ዝቅ ብላ መታች፤ ሃያ። ቦታ ቀይራ መታች፤ አስራ ዘጠኝ። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ወደ ውጭ ወጥታ በድሮ ጊዜ የተሠራ የአሮጌውን ትምህርት ቤት ደረጃ መታች፤ አርባ ሁለት። መሣሪያው ደህና ነው። ተመልሳ አስራ አራቱንም ኮለኖች አንድ በአንድ መታች፣ ቁጥሩን ጻፈች። ከአንዱ ኮለን ጥግ በጣቷ ስትጭር አሸዋው ጥፍሯ ስር እንደ ዱቄት ረገፈ።

«ምኑን ነው የምትመቺው የኔ ልጅ?» አለች የሺ።

«ጤናውን እያየሁ ነው።»

«ደህና ነው?» አለች የሺ፣ መልሱን ሳትጠብቅ ፍራሿን እየዘረጋች። «ብቻ ከላይ ሰው አታግቡብን፣ ሕፃን ይተኛበታል።» ሀስና ከላይ ያለውን ሶሌታ ቀና ብላ አየችው። አንድ ጊዜ በኩራት ፎቶ አንስታው ነበር፤ ፎቶው አሁንም ስልኳ ላይ አለ።

ስዩም የወረዳው የተፈናቃዮች ጉዳይ ተጠሪ ነው፤ ሦስት ቀን ያልተኛ ሰው ዓይን አለው። ሲመጣ ወረቀቱን አዘጋጅቶ፣ እስክሪብቶውን ከፍቶ ነው። «ሦስት መቶ አርባ ሰው መናኸሪያ አስፋልት ላይ ነው ያለው። እነሱን ፎቅ ላይ፣ የእርዳታውን ስንዴ ደግሞ ፎቅ ላይ ባለው ትልቁ ክፍል። እዚች ጋ ፈርሚልኝ» አለ። ስንዴው ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። አራት መቶ ኩንታል ነው አላት። «እስከ ስምንት ሰዓት ስጠኝ» አለችው። «ከስምንት በኋላ ዝናቡ ነው የሚፈርመው» ብሏት ስልኩን እያነሳ ሄደ።

ጋሽ ጀብሪል ምሳ ካልበላሽ ብለው ቤታቸው ወሰዷት። ቤቱ ከግቢው አምስት ደቂቃ ነው፤ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ግድግዳው አረንጓዴ የዘይት ቀለም። ሀስና እዚህ ቤት ውስጥ ነው ያደገችው። አልጋው ከነበረበት አልተነሳም፣ የምረቃዋ ፎቶ ከሰዓቱ ስር ተሰቅሏል፤ ፎቶው ላይ አጎቷ የተከራዩትን ኮት ለብሰው ከጎኗ ቆመዋል። ለትምህርት ቤት ክፍያ፣ ለደብተር፣ ለዩኒቨርሲቲ መመላለሻ የሚሆነውን ሁሉ ድንጋይ ጠርበው ነው ያመጡት። የአጎቷ ሚስት እትዬ ለይላ ቀድመው አሰናድተው ጠብቀዋል፤ ዘይት ሊትሩ ሁለት መቶ ብር በገባበት ሰሞን ወጡ በዘይት ጠግቦ ነበር፤ ለእሷ ብለው ነው። ስለ ቆቦ ሰው ወሬ ጀመሩ፣ እህታቸው ከሰኞ ጀምሮ ስልክ እንደማታነሳ ነገሯት። የሚመልስላቸው ሲያጡ ለሀስና ወጥ ጨመሩላት። 

«ጋሼ፣ ሶሌታውን ስንት በስንት ነው የመቱት?» አለች ሀስና በመጨረሻ።

እንጀራ የጠቀለለው እጃቸው ሳህኑ ላይ ቆመ። ሲሚንቶ ሺህ ስድስት መቶ ገብቶ፣ እሱም ጠፍቶ እንደነበር ታውቂያለሽ አሉ። የሥራ ተቋራጩ ሰው በስልክ «ያለህን አብቃቃ፣ ሥራ አይቁም» እንዳላቸው፣ በአንድ ከረጢት ይገባ የነበረውን ሁለት ባሬላ አሸዋ ሦስት፣ ሦስት ባሬላ ጠጠር አራት ተኩል እንዳደረጉት፣ ሠራተኛው እንዲቀለው ውሃም ከፍ እንዳደረጉለት ተናገሩ። ምንም አልደበቁም። «አንዲት ከረጢት ከግቢው ካወጣሁ ይሄ እንጀራ ሐራም ይሁንብኝ» አሉ። «ደግሞ ስንቱን ሠራን ሀስና። የወደቀ አለ?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«አንቺ ካላወቅሽ ማን ያውቃል? ሰላሳ ስድስት ብለሽ አላነበብሽልኝም? እኔ እኮ ቁጥሩን ስሰማ በትንሹም ይበቃል ማለት ነው ብዬ ነው ልቤ ያረፈው። በሚቀጥለውም ቀነስኩ።»

ሀስና የጠቀለለችውን እንጀራ ሳህኑ ላይ መለሰች። ቁጥሩን በስልክ ያነበበችላቸው እሷ ናት፤ እየሳቀች፣ እየመረቀቻቸው። እሳቸው ለኪዩቡ የእንግዳ ሙሌት ሰጡ፣ ኪዩቡ ትልቅ ቁጥር ሰጣት፣ እሷ ቁጥሩን መልሳ ሰጠቻቸው፣ እሳቸው ደግሞ ቁጥሩን አምነው ከቀጣዩ ሙሌት ሲሚንቶ ቀነሱ። ክብር ተሰጣጥተው ተሰጣጥተው ከሰው አናት በላይ የተንጠለጠለ ነገር ሠሩ። እትዬ ለይላ «ኧረ ብዪ፣ በረደ» አሉ። ሀስና ሳህኑን በቀስታ ገፋ አድርጋ ተነሳች። በዚህ ቤት ምግብ ትታ ስትነሳ የመጀመሪያዋ ነው፤ ሦስቱም ያንን አወቁ።

ስምንት ሰዓት ሲሆን ዝናቡ ጀመረ። ግቢው ውስጥ ሰው ሞልቶ ነበር፤ በፕላስቲክ የተሸፈነ፣ ፍየል የጎተተ፣ አሮጊት በወሳንሳ ያመጣ ሰው። የስንዴው መኪና ኋላውን ወደ ደረጃው አድርጎ ቆሟል። ሀስና ስዩምን ወደ ጎን ልትጠራው ነበር፣ ግን ጎን የሚባል ቦታ አልነበረም። «ስንዴው አይወጣም። ሰውም አይገባም። ውስጥ ያሉትም ይውጡ» አለችው። የተናገረችው በዝግታ ነው፤ ሆኖም የሰማው ሰው ላልሰማው ነገረው።

ስዩም አልጮኸም። ከፋይሉ ውስጥ የኮምቦልቻውን ውጤት አወጣ፣ በእጁ ከዝናብ ከለለው። «ሰላሳ ስድስት ይላል። ሰላሳ ሰባት ይላል። ይሄ ፊርማ የማን ነው?»

«የኔ ነው።»

«ታዲያ ምን ተፈጠረ? ጥይት አልነካው፣ መድፍ አልነካው። በጠዋቱና በአሁኑ መሃል ምን አገኘሽ?»

የሺ ልጇን አዝላ ከበሩ ወጣች። ዝናቡን አየች፣ ሀስናን አየች። «ከጦር ያመለጥነው አንሶ ከገዛ ቤታችሁ ታባርሩናላችሁ?» አለች። «ጠርጌው ነበር እኮ።» ሀስና በሕይወቷ እንዲህ ያፈረችበት ቀን የለም። አጎቷ ከሚክሰሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ኮፍያቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘውታል፤ ዝናቡ በራሳቸው ላይ ይወርዳል። አንድ ቃል ብትናገር፣ ፎርማኑ ናሙናውን ለብቻው ሠራው ብትል፣ ጉዳዩ አለቀ፤ እሷ የተታለለች ትሆናለች፣ እሳቸው አታላይ ይሆናሉ፣ ዛሬ ማታ ፖሊስ ጣቢያ ያድራሉ። ቃሉ አፏ ውስጥ ነበር። ያኔ ነው ዘንጉን ከእጇ ሲወስዱት፣ እሷም ስትሰጣቸው የታያት። ማንም አስገድዶ አልወሰደባትም።

«ኪዩቡ የዚህ ህንፃ አይደለም» አለች። «ለብቻው የተሠራ ነው። ናሙናው በፊቴ ተወስዷል ብዬ ፈርሜያለሁ፣ በፊቴ አልተወሰደም። እዚያ አልነበርኩም።»

«የት ነበርሽ?»

«ምሳ እየበላሁ ነበር።»

ስዩም የውጤቱን ወረቀት አጠፈው። «ምሳ?» አለ። ከሰዉ መሃል አንድ ሰው «ምሳ ነው ያለችው?» ብሎ ጎረቤቱን ጠየቀ።  የሚያዋርዳትን ስድብ ጠብቃ ነበር፤ ያቺ ጥያቄ ግን ከስድቡ በለጠችባት። መኪናው ሞተሩን አስነሳ፣ ስንዴውን እንደጫነ ከግቢው ወጣ።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሱት ጋሽ ጀብሪል ናቸው። ወደ የሺ ሄደው ፍራሿን ከእጇ ተቀብለው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። «ቤቴ የጭቃ ነው፣ ሁለት ክፍል ነው። ኑ» አሏት። እሷ ልትከተላቸው አልፈለገችም ነበር፤ ልጇ ሲያለቅስ ተከተለቻቸው። ወርቁም አንድ ቤተሰብ ይዞ ሄደ። ስዩም በስልክ መስጊዱንም ቤተ ክርስቲያኑንም ለመነ፤ አንዳንዱ ሰው በሩን ከፈተ፣ አንዳንዱ ሞልቶብኛል አለ፣ እውነቱን ነው፣ የሁሉም ቤት በዘመድ ሞልቷል። ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው ግን መጠለያ ሳይደርሰው፣ ክፍሎቹ አስቀድመው በሞሉበት በአሮጌው ትምህርት ቤት በረንዳ ስር እየተገፋፋ ቆሞ፣ ከፊት ለፊቱ ያለውን አዲስ፣ ደረቅ፣ ባዶ ህንፃ እያየ አመሸ። ይህን ማየት ከሁሉም ይከብድ ነበር። ትክክል ሠርቻለሁ የምትልበት ፊት አልነበራትም።

ሀስና በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጻፈች። የህንፃውን ስም፣ የመምቻውን አስራ አራት ቁጥሮች፣ ከዚያ የሆነውን። ወረቀቱ ወልድያ የሚደርሰው ወልድያ ራሷ ነገ ሰው ካላት ነው፤ ቢሆንም ጻፈችው። ዝናቡ ሲያባራ፣ ለመግሪብ ጥቂት ሲቀረው፣ አጎቷ ተመለሱ። ልብሳቸውን አልቀየሩም። አጠገቧ ተቀመጡና «አንብቢልኝ» አሏት። አነበበችላቸው። ሲያልቅ «የኔ ስም የታለ?» አሉ።

«የፈረምኩት እኔ ነኝ ጋሼ።»

«የሞላሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ጻፊው። ጀብሪል ብለሽ፣ ፎርማን ብለሽ።» ጻፈችው። እጃቸው ከዝናቡ ነጥቶ፣ በየጣታቸው ስንጥቅ ውስጥ ሲሚንቶ ገብቷል። ባዶውን ህንፃ አዩት። በረንዳው ስር አንድ ሕፃን እያሳለ ነው።

«ሌላ ወረቀት አለሽ?» አሉ።

«ለምን?»

«የግራናው ትምህርት ቤት አለ። መስከረም ላይ ልጆች ይገቡበታል።» ድምፃቸው ያው የጠዋቱ ድምፅ ነው፣ ከሥሩ ግን የሆነ ነገር ወልቋል። «የጤና ኬላው አለ። ሰው ተኝቶበታል፣ ሦስት ዓመቱ። ተቆጣጣሪው አንቺ አልነበርሽም፣ ካንቺ በፊት የነበረው ነው።»

«እሱስ ናሙናውን ቆሞ አላየም?»

«ምሳ ጋበዝነው» አሉ። «ሁሉንም ጋብዘናል።»

ሀስና ፋይሉን ገልጣ ንፁህ ወረቀት አወጣች፣ ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። ጋሽ ጀብሪል ግራ እጃቸውን ዘርግተው ከአውራ ጣት ጀመሩ፤ አንዱን ስም ጠርተው፣ እስክትጽፍ ጠብቀው፣ ጣታቸውን እያጠፉ ወደሚቀጥለው ሄዱ። አምስተኛዋን ጣት ሲያጥፉ ጨረሱ ብላ እስክሪብቶውን ልትከድን ነበር። ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ።